ከጣሪያው የተረፈው ቁራጭ

አናጢው አንዲት አሮጊት ቤት የላላ የኮርኒስ ቺፑድ እንዲያጠብቅ ተጠርቶ መሰላሉ ላይ ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ውስጥ ሲሰድ፣ ባለፈው ሳምንት ሙቀቱን እንዲመልስ ብሎ ከጣሪያው ሥር የዘረጋው ብርማ ንጣፍ እንደ ጋለ ካውያ አቃጠለው። በንጣፉና በቆርቆሮው መካከል አራት ጣት ክፍተት መተው ነበረበት፤ አለዚያ ንጣፉ ሙቀቱን በመመለስ ፈንታ ወደ ቤቱ ያስገባዋል። ክፍተቱን የሚይዙትን እንጨቶች መምታት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እሱ ደግሞ ለሌላ ሥራ ቸኩሎ ነበር። ኮርኒሱ ከተዘጋ ማን ያያል ብሎ፣ ብርማውን ገጽ ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ መትቶት ሄደ።

«እማማ፣ ቤቱ ቀዝቀዝ አለልዎት?» አለ፣ ወደ ታች ሳያይ።

«ተባረክ ልጄ። ብርድ ልብስ አስወጣኸኝ እኮ» አሉ አሮጊቷ። «ለእህቴም ስላንተ ነግሬያታለሁ።»

ያኔ ዞር አለ። አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከዚያው ንጣፍ የተረፈውን ቁራጭ አጥፈው ያራግቡበታል። ዓይኑ ሲያርፍባቸው ቶሎ ብለው ከጀርባቸው ሸሸጉት። ግንባራቸውን ያጠመቀውን ላብ ግን የት ይሸሽጉት።

አናጢው መዶሻውን ከወገቡ መዘዘ። «አልጋውን ወደ ደጅ እናውጣው፣ እማማ። ኮርኒሱን ላፈርሰው ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

አሮጊቷ ቁራጩን ከጀርባቸው አውጥተው ወደ መሰላሉ ዘረጉለት።

«እንካ» አሉ። «አንተም አልቦሃል።»