ስልኩ ጮኋል

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በምሠራበት ምግብ ቤት መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ደንበኞች ወንድሜን «ሻንጣ አንሺ» ሲሉት እየሰማሁ ቡናቸውን ቀድቻለሁ። ስሙን እንኳ አይጠሩም። ልቡ የማይጸና ተጫዋች ባዩ ቁጥር «እሱ ሻንጣ አንሺ ነው» ይላሉ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ስያሜው ከማን እንደመጣ ያውቃል።

ዛሬም ያው ናቸው። የወጣቶቹ ብሔራዊ የበረዶ ሆኪ ቡድን ነገ ይለያል። ኤልመርና ዋሊ እንደ ልማዳቸው ቀድመው የራሳቸውን ቡድን ከሰሃን ሥር በማነጥፈው ወረቀት ጀርባ ጽፈዋል፤ ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል፣ የየዓመቱ እዚያ አለ። በሃያ አንዱ ተጫዋች ተስማምተው በሃያ ሁለተኛው ተጣልተዋል። ኤልመር ግዙፉን ተከላካይ ይዟል። በረዶ ላይ ሰው የሚያጋድም ያስፈልገናል ባይ ነው። ዋሊ ደግሞ ትንሹ ፈጣኑ ይሻላል ይላል፤ ያንተ ግንድ ለመዞር ብቻ ሦስት ሄክታር ይፈልጋል አለው። እንዲህ ሲባባሉ ሁለተኛውን ማንቆርቆሪያ ጨረሱ።

ወንድሜ ኦረስት ገባ። ጫማውን ደጃፉ ላይ አራግፎ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ባንኮኒው ጋ ተቀመጠ። ከሚሠራበት የእህል ጎተራ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይመጣል፤ የቀይ ሥር ሾርባውን ሳይጠይቀኝ አቀርብለታለሁ። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አሁን አርባ ሁለት ሞልቶታል፤ ኪሱ ውስጥ ስልክ ይዞ ይዞራል እንጂ ሲጠራ አያነሳም። የሚፈልገው ሰው ጎተራው ድረስ ይሄዳል።

«ችሎታስ አለው» አለ ኤልመር ስለ ትንሹ ልጅ፣ «ግን ሻንጣ አንሺ ነው።» ካለ በኋላ የኦረስትን ጀርባ አየ። ቃሉን አልመለሰም። ኤልመር የተናገረውን መልሶ አያውቅም።

የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ኦረስት ለዚሁ ቡድን ምርጫ ተጠርቶ ሳለ፣ እንዲህ ነበር። ለምርጫ የተጠሩት ልጆች ካልጋሪ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ያድራሉ። በመጨረሻው ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ ለሚሰናበቱት ብቻ፣ ወደ ክፍላቸው ይደወላል። ስልክህ ከጮኸ አለቀልህ፤ እስከ አንድ ሰዓት ዝም ካለ ተመርጠሃል። ኦረስት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ አላነሳውም። ሻንጣውን አንስቶ በደረጃ ወረደና አውቶቡስ ተሳፈረ። መራጮቹ እኛ አልደወልንለትም፣ ጥሎን ሄደ አሉ፤ ቦታውን ለሌላ ሰጡት። ወንድሜ ግን ጮኋል አለ። እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጮኋል።

ዛሬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ልክ ሳትሆን አትቀርም ኤልመር» አለ፣ ሳይዞር። «አሁን አሁን ሳስበው የጮኸ ነገር አልነበረም። ፍርሃቴ ነው የጮኸብኝ።»

ዋሊ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመ። ተወው እባክህ፣ የድሮ ነገር ነው አለ።

ማንቆርቆሪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። እጄን በሽርጤ ጠረግሁ።

«ጮኋል» አልኩ።

«አንቺማ ምን ትያለሽ ሉባ፣ ወንድምሽ ነው» አለ ኤልመር።

«ጮኋል እኮ ነው የምልህ። የደወልኩት እኔ ነኝ።»

ጀምሬያለሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ካልጋሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይቀይራሉ፤ እኛ አንቀይርም። ኦረስት በሙቀቱ ወራት እዚያ ሲሠራ ሰዓታችን አንድ ስለነበር የፈለግሁ ጊዜ እደውልለት ነበር። በረዶ ሲገባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀሩ አውቃለሁ፣ ማን የማያውቅ አለ። ያን ጠዋት ግን ልዩነቱን ረስቼ ዓይኔ በእኛው ሰዓት ላይ ተተክሎ ነው የቆየው። አሥራ ሁለት ሲል ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ ሰዓት ሞላ። አለፈለት፣ እንኳን ደስ አለህ ልበለው ብዬ ደወልኩ። ስምንት ጊዜ ጠራ። ለቁርስ ወርዷል ብዬ ዘጋሁ። ማታ ሻንጣውን ይዞ ደጃችን ላይ ሲቆም ነው የገባኝ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ።

ኦረስት በመቀመጫው ዞረ። የሚያየው ኤልመርን አልነበረም።

«በስንት ሰዓት?» አለኝ።

«በእኛ አንድ ሰዓት።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከአንድ ሰዓት ላይ አንዲት ሰዓት ቀንሶ አሥራ ሁለት ላይ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ተነሳና ሾርባውን እንዳለ ትቶ ወጣ።

ኤልመር አፉን ከፈተ። ዝም በል አልኩት።

በመስኮቱ አየሁት፤ መኪናው ውስጥ ገብቷል፣ ሞተሩን አስነስቷል፣ ግን አልሄደም። በረዶው ይጥላል። የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲህና ወዲያ ይላል። ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳሁና ደወልኩለት።

ኪሱን ዳበሰ። ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈ። ስልኩን መዳፉ ላይ ይዞ ያየዋል። ሦስት ጊዜ ጠራ፣ አራት፣ አምስት። በስምንተኛው አልዘጋሁም።

ዘጠነኛው ላይ ወደ ጆሮው ወሰደው። በመስኮቱ የማየው መጥረጊያ በስልኩ ጆሮዬ ውስጥ ሲንቋቋ እሰማለሁ።