የትርንጎ ፈገግታ

ረቡዕ ጠዋት ቤት የነበሩት ትርንጎ፣ ታናሽ ወንድሟ ምናሉና መዳህ የጀመረችው ልጇ ናርዶስ ነበሩ። ፈገግታን እንደ ኮት መዋዋስ ከተቻለ ወዲህ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ፊቱን አጨፍግጎ የሚሄድ የለም። ምናሉ ደግሞ ሰው ፊት ሲቆም ፊቱ ድርቅ ይላል።

"በል ውሰደው፤ ግን እስከ ማታ ብቻ ነው" አለችው ትርንጎ፣ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለች። "ልጅቷ ትፈልገዋለች።"

"እታለም ሙች፣ ሳይመሽ እመልሳለሁ።"

ቃለ መጠይቁ ላይ ጠያቂዋ ሴትዮ ፈገግታውን ወደደችው።

"የውሰት አንቀበልም። የራስህ ነው?"

ምናሉ አቀረቀረ። "የራሴ ነው" አለ።

ፈገግታው ወዲያው በስሙ ተመዘገበ፤ አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ አይመለስም።

ማታ ይህን ለትርንጎ ነገራት።

"ሥራውንስ አገኘህ?"

"አገኘሁ።"

"እሰይ" አለች፤ ፊቷ ግን ንቅንቅ አላለም።

ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና "አኩኩሉ!" ብላ ገለጠችው። ናርዶስ ያንን ፊት ትኩር ብላ አየችው፤ ለንቦጯን ጣለች። ከዚያ ከእናቷ ጭን ተንሸራታ ወረደችና እየዳኸች ወደ ምናሉ ሄደች።

ምናሉ ሰኞ ሥራ ጀመረ።