ሀብቴ የሠራው ሚኒባስ

ሀብቴ የመርሳ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው። መኪና ከተሳፈረ አራት ዓመት ሆነው። ገና እግሩን ሲያነሣ ተሳፋሪው ሁሉ እሱን የሚያይ፣ እሱን የሚያማ ይመስለዋል። ሕመም እንደሆነ ሐኪም ነግሮታል፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል። መኪና ላይ ሲደርስ ግን እግሩ እንቢ ይላል። የልጁ ሠርግ ደግሞ ከወልድያ ወዲያ፣ ሐራ ከተማ ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ስለዚህ ኤደን የምትባል ባለሙያ መጥታ «ለዚህ ሕመም በቪአር መነጽር ሕክምና እየሠራን ነው፤ የሚያውቀው የታመመበት ነውና አብረውን ይሥሩ» ስትለው እሺ አለ። መነጽሩን ዓይን ላይ ሲያደርጉት በሥዕል የተሠራ ሚኒባስ ውስጥ ያስገባል።

በመጀመሪያው ቀን ሀብቴ ኤደን ቢሮ ሄዶ መነጽሩን አደረገ፤ ወዲያውም አወለቀው።

«ፈሩ እንዴ፣ ጋሽ ሀብቴ?»

«ምኑን እፈራለሁ? ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ቤት ነው የሚመስል! ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይጩኽ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አምስት ይቀመጥ። አንዲት ሴትዮም ዶሮዋን ጭኔ ላይ ታስቀምጥ።»

ኤደን ሁሉንም ጻፈች።

በማግስቱ ዶሮዋ መጣች፤ አራት እግር ነበራት። ሀብቴ ሁለቱን አስቀነሰ። ጉዞው እንደተጀመረ አንድ ሰው አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለ ሀብቴ። ከዚያ ደነገጠ። «የትኛው ተሳፋሪ ነው?»

«ተሳፋሪዎቹ ገና አያስነጥሱም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው አለ?»

ኤደን ዙሪያዋን አየች። «እዚህ ክፍል ውስጥ እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

ሕመሜ ተነሥቶብኛል ማለት ነው፣ አለ በሆዱ። ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና «ቢያስነጥሱ ጥሩ ነው፤ ይጻፍ» አላት።

የቢሮው ሻይ አፍዪ አሚና ትሪ ሙሉ ሻይ ይዛ ገባች። ሁለት ብርጭቆ አስቀምጣላቸው የቀረውን እንደተሸከመች ወደ ጓዳ አለፈች።

በሦስተኛው ቀን ሚኒባሱ በወልድያ መንገድ ሲሪንቃን ሲያልፍ ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠበት። ሀብቴን ላብ አጠመቀው። ግን ራሱ አውጥቶ ያስጻፈው መላ ነበረ፤ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ እነሱም ይመልሱለታል።

«እኔን ነው የሚያዩት?»

«ኧረ መስኮቱን ነው» አለ አንዱ።

«ወራጅ ልል ነው» አለች ሌላዋ።

ዶሮዋ ብቻ መልስ አልነበራትም። ሀብቴ በሳቅ ፈነዳ። መሀል ላይ አንድ ሰው የሳለ መሰለው፤ ንቆ አለፈው። ወልድያ ደርሶ በኩራት ወረደ።

መነጽሩን ሲያወልቅ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ማንም አያየኝም» አለ። «አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላየኝም! ሐራ እሄዳለሁ፣ ልጄን እድራለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ኤደን።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ይኼኔ የጓዳው በር ተበረገደና ሦስቱን ቀን ሙሉ በስክሪን ሲከታተሉት የሰነበቱ አሥራ አራት ባለሙያዎች እያጨበጨቡ ወጡ።