ያልመጣው ጠያቂ

ሰውዬው ጭንቅላቱን ከተጎዳ ወዲህ መንደርተኛው ሁሉ ብርቱካን እያንጠለጠለ መጥቶ ጠይቆታል፤ ጎረቤቱ ዳምጤ ብቻ ቀረ። በመንደሩ ሠርግ ድንኳን በር ቀድሞ ለመግባት ሲጋፋ በግንባሩ የገጨው እሱ ራሱ ሆኖ ሳለ!

"መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም" ብሎ ማለ።

የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት ግን በጄ አላለችም። "ጋሼ፣ ጨለማ ውስጥ መተኛቱ ይብቃዎት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ፤ ሲያዞርዎት ያገኙትን ነገር ይዘው ቆም ይበሉ።"

እያጉረመረመ ወጣ። ዳምጤ ደጅ ሲደርስ በንቀት ፊቱን ዘወር ከማድረጉ ምድር ዞረችበት። እንደታዘዘው አጠገቡ ያገኘውን ያዘ። የያዘው የዳምጤን የቆርቆሮ በር ነበር፤ በሩ ብርግድ አለና ተንደርድሮ ግቢው ውስጥ ገባ።

በረንዳው ላይ ዳምጤ ግንባሩን በሻሽ ጠምጥሞ ተጋድሟል።

ሚስቱ እልልታዋን አቀለጠችው። "ዳምጤ፣ ተነስ እንግዲህ! እሱ መጥቶ ካልጠየቀኝ አልነሳም ስትል ከረምክ፤ ይኸው እየሮጠ መጣልህ!"

ዳምጤ ቀና ብሎ የጠያቂውን እጆች አየ።

"ባዶ እጅህን?"