የቀዘፋው መሥራች

ጋሽ መኳንንት የዩኒቨርሲቲውን የቀዘፋ ቡድን ያቋቋሙት ሐይቁ ሁለት ተማሪዎቻቸውን በዋጠ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ "ዋና ያልቻለ መቅዘፊያ አይነካም!" የሚል ሕግ አወጡ። ዋናውንም ቀዘፋውንም ከዳር ቆመው እየጮኹ ያስተምራሉ፤ ራሳቸው ግን ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ተማሪዎቹ "ሐይቁን ተቀይመውት ነው" ይላሉ።

በመጀመሪያው የሴቶች ውድድር የተማሪያቸው የፈንታነሽ ጀልባ እየመራ ሳለ ድንገተኛ ነፋስ ገለበጠው። እግሯ በጀልባው የእግር ማሰሪያ ተይዞ ውሃ ሥር ቀረች። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል እንደምንም አላቅቃ ወጣች። አብረዋት የሚቀዝፉት ሦስቱ ጓደኞቿ የተገለበጠውን ጀልባ ሙጭጭ ብለው ይዘዋል።

"ጋሼ ገቡ! ኧረ ጋሼ ውሃው ውስጥ ገቡ!" የሚል ጩኸት ከዳር ተሰማ።

ዞር ስትል አንድ እጅ ብቅ ብሎ ጠፋ። እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ በኮታቸው ኮሌታ ጎትታ ዳር አወጣቻቸው። ሦስቱን ጓደኞቿንም ሌላ ጀልባ ዳር አደረሳቸው። ጋሼ ውሃ ሲያስመልሳቸው ቆይቶ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሁላችሁም ወጣችሁ?"

"ወጥተናል ጋሼ። እርስዎ ግን ምን ሆነው ሰጠሙ?"

"እኔ መቼ ዋና ችዬ አውቃለሁ" አሏት፣ እጇን አጥብቀው እንደያዙ።