ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም

«የእናትሽ ስም፣ ከጋብቻ በፊት የነበረው?» አለች የባንኩ ሴትዮ በመኪናው ስፒከር።

«ወልደየስ» አለች ምሥራቅ። የእናቷ አባት ስም ነው፤ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ይኸው ነው።

«እኛ ጋ ካለው ጋር አይመሳሰልም። የቀረሽ አንድ ዕድል ብቻ ነው።»

ደሟ ፈላ። በስሟ ካርድ አውጥቶ፣ እንዳሻው በልቶበት ሳይከፍል የተሰወረው ሌባ ለእናቷም ሌላ አባት አበጅቶላቸዋል ማለት ነው! በእሱ ጦስ አበዳሪዎች የሚያምኗት በእሱ የነበረው ክሬዲት ስኮሯ አፈር ድሜ በልቷል። ቱክዊላ ለምትገዛው ቤት ብድር ሊሰጣት የነበረው ሰውዬ «እስከ ዓርብ ስምሽን አጥርተሽ ካልመጣሽ ቤቱ ለሌላ ይሄዳል» ብሏታል።

ከሐኪም ቤት የምትመልሳቸውን፣ አጠገቧ የተቀመጡትን እናቷን ገልመጥ አደረገቻቸው። ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር መኪናውን አቁማለች፤ እሳቸው ዝናቡን ያያሉ። ሰው ሁሉ ብርነሽ ይላቸዋል። ሙሽራ ሆነው ሲገቡ አማታቸው ያወጡላቸው ስም ነው፤ ፓስፖርታቸውም ላይ የሰፈረው እሱው ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ግን ሌላ ነው። ፈረንጅ «ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም» ብሎ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ፣ ቃሉን እንዳለ ወስዶ የልጅነት ስማቸውን የሚጽፍ የአገሯ ሰው ብቻ ነው። ስሙን ደግሞ እዚህ አገር ከእሷና ከወንድሟ ከሌዊ በቀር የሚያውቀው የለም።

«አገሬ» አለች፣ ምነው በተሳሳትኩ እያለች።

«ትክክል! አመሰግናለሁ» አለች ሴትዮዋ ደስ ብሏት።

እንግሊዝኛው ባይገባቸውም እናቷ የልጅነት ስማቸውን ሲሰሙ ክው አሉ። «ሌዊን እንዳታነሺ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ምሥራቅ ሴትዮዋ እንዳትሰማቸው ስልኩን ሚዩት አደረገች። «ታውቂ ነበር?»

«ሥራ አጥቶ፣ ተቸግሮ ነው። ለሷ ምን ይጎድልባታል ብለን...»

«ብለን?»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

«የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ቶሎ እከፍላለሁ ብሎኝ ነበር። አላውቀውም በያቸው፤ ግሪን ካርዱን ይነጥቁታል። የእናት ሆድ አይችልም፣ ልጄ።»

«እኔንስ በየትኛው ሆድሽ ነው የወለድሽኝ?»

ምሥራቅ ብግን አለች። ቱክዊላ ያለውን ቤት የመረጠችው ለማን ብላ ነው? የእናቷ ጉልበት ደረጃ አይወጣም ብላ፣ ታች መኝታ ቤት ያለው ስትፈልግ አይደል አገር ያሰሰችው?

«ሀሎ? ይህን ያደረገውን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለች ሴትዮዋ።

ምሥራቅ ሚዩቱን አነሳች። «አዎ» አለችና የሌዊን ስም ጠርታ ፊደል በፊደል ነገረቻት።

«የአባቱስ ስም?»

«ከኔው ጋር አንድ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ እናቷ ቀበቶውን ፈተው ወረዱ። በዝናብ ጥለዋት የሚሄዱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን የኋላውን በር ከፍተው እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተቀመጡ።

«ወዴት ላድርስሽ፣ እማዬ?»

«ልጄ ቤት።»