የቸሩ ነጥብ

ቸሩ ደጋጋ ምሳ ሊጋብዝ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያየ ሰው፣ ስሙን ያወጡለትን ያመሰግናል። ቆይቶ ያዝናል።

የሚሠራው ካዛንቺስ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ባለ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አምስት ሆነው ወደ ሆቴሉ ይወርዳሉ። ቢል ሲመጣ እንደ ማንኛውም ሰው ይታገላሉ፤ "በሞቴ!" "እኔ ልሙት!" "ዛሬ የኔ ነው!" ቸሩ የሁሉንም እጅ ይይዝና የባንክ ካርዱን ያወጣል። ካርዱ አልፎ ደረሰኙ እንደወጣ ግን መዳፉን ይዘረጋል።

"በሉ ጥሬ ገንዘቡን አምጡ። ታዲዎስ፣ አንተ ሁለት አምቦ ውሃ ጠጥተሃል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ካርድ የተከፈለ ሁሉ የአየር መንገድ ነጥብ ያስገኛል። ነጥቡ ሲበቃ የነጻ ትኬት ይሆናል። ካርዱ ካለፈ በኋላ ማሽኑ የአባል ቁጥር ይጠይቃል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ትሞላለች፣ አለቀ። ቸሩ ይህን ያወቀው በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲበላ ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል።

የሆቴሉ ገንዘብ ተቀባይ ዘውዲ ትባላለች። ቸሩን ስታይ ያቅለሸልሻታል፤ ደብቃውም አታውቅ።

"ኤጭ! መጣ ደግሞ ይሄ ለቃሚ" ትላለች ጮክ ብላ። ማሽኑ ቁጥር ሲጠይቅ ወረቀት አታይም፤ ፊቷን አዙራ በቃሏ ትመታዋለች። ሌላ ልጅ ተረኛ ስትሆን እንኳ ተነስታ ማሽኑን ትቀበላታለች። "ተዪው፣ የሱን ጣጣ እኔ ለምጄዋለሁ።"

ቸሩ ለእናቴ ነው ይላል። ወይዘሮ ሙሉመቤት ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይኖራሉ። ከመሞታቸው በፊት አንድ ፋሲካ ኢየሩሳሌምን መሳለም ይፈልጋሉ፤ ሌላ ምኞት የላቸውም። ጉልበታቸው ግን ከዓመት ዓመት እየከዳቸው ነው። የልጃቸው ደመወዝ ደግሞ ለትኬት አይበቃም።

"ለመሆኑ ስንት ደረሰልህ?" አለው ታዲዎስ አንድ ቀን።

"አላየሁም። የስለት ነገር አይቆጠርም፣ ከተቆጠረ በረከቱ ይነሳል ብላኛለች እማዬ። የባንኩ ሰውዬ በዚህ አያያዝህ አራት ዓመት ይበቃሃል ብሎኛል። ያኔ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ በቃ።"

ዘውዲ ከባንኮኒው ጀርባ ሳቀች። "ወይ በረከት! ባንኮክ ስትደርስ ትቆጥረዋለህ። ስንቱን አየን፣ በእናቱ እየማለ ከኮረዳ ጋር የሚበር!"

ሁሉም ሳቁ። ቸሩ የታዲዎስን መልስ ሳንቲም እየፈለገ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የታዲዎስ አባት አረፉ። ድንኳኑ ቄራ ተተከለ፣ ቢሮው ለለቀስተኛው ምሳ ከሆቴሉ አዘዘ። ቸሩ መጣ፣ ሐዘንተኛው አጠገብ ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ሳይጠርግ መዋጮ ወደሚሰበስበው ሰው ጠጋ አለ።

"ጥሬውን ለኔ ስጠኝ፤ ምግቡን በኔ ካርድ ልክፈለው።"

ታዲዎስ ሰማ። አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ! ሰው እንዴት እንዲህ ይወርዳል? ይወርዳል እንጂ፤ ቸሩ ደረሰኙን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ቡና ጠየቀ።

ከአርባው በኋላ ታዲዎስ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ቁርጡን ተናገረ። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰው ካርድ የምበላው ምግብ ይነቀኝ። ሁላችሁም የየራሳችሁን ክፈሉ።" ባልደረቦቹ ተስማሙ። ያልተስማማችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዘውዲ።

"ተዉት ባካችሁ። ያስጠላል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ ካርዱን በነካሁ ቁጥር እጄን መታጠብ ያምረኛል። ግን አሮጊቷ ምን አጠፉ? እናት አይደሉ እንዴ?"

ሁሉም አፈሩ። ዘውዲ ልበ ቀና ናት ተባለ። የቸሩም ካርድ ሥራውን ቀጠለ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓቢይ ጾም ሲጋመስ ወይዘሮ ሙሉመቤት አዲስ ነጭ ቀሚስ አሰፉ። የሰፈሩ ሴቶች የክርስትና ስማቸውን በወረቀት ጽፈው አመጡላቸው፤ ጎልጎታ ላይ እንዲያስቧቸው። ቸሩ መታወቂያውን ይዞ አየር መንገዱ ቢሮ ሄደ።

"አቶ ቸሩ፣ ለትኬት የሚበቃ ነጥብ የለዎትም" አለችው ሠራተኛዋ። "ያለው የአንድ ምሳ ያህል ነው።"

"የአራት ዓመት እኮ ነው!"

"ምናልባት ተጠቅመውበት እንዳይሆን?" አለችው በትሕትና።

ላብ አጥምቆት ሆቴሉ ደረሰ። ለባልደረቦቹ ነገራቸው። ማንም አላዘነለትም።

"አምና አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስደህ የት ነበርክ?" አለ ታዲዎስ።

"እማዬን ጸበል ወስጄ..."

"ማለቴ፣ ባንኮክም ጸበል አለ ወይ?" ታዲዎስ ሳህኑን ገፋ። "ያባቴን ለቅሶ ሳይቀር በልተህ! ቱ!"

"እማዬ ትሙት አልነካሁትም!"

"ጭራሽ በሳቸው ይምላል" አለች ዘውዲ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "ምስኪን አሮጊት! ይሄን ሰው እያየሁማ ፋሲካን እዚህ አልውልም።" በዚያኑ ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ ከቸሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ የቀረበ የለም።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ነገሩን ማታ ሰሙ። ሲነጋ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረቀቶቹን በየቤቱ እየዞሩ መለሱ። አንዷ ጎረቤት፣ "ልጅዎ ነው አሉ የበላው?" ብትላቸው፣ "ልጄን ተዪልኝ" አሉና ወደሚቀጥለው በር አዘገሙ።

በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ከተሳላሚዎች ጋር ወደ ቴል አቪቭ ስትበር፣ ዘውዲ አጠገቧ የተቀመጡት ባልቴት ትኬቱን በስንት እንደገዛችው ቢጠይቋት፣ "በነጥብ ነው እማማ፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳልታክት አጠራቅሜ" አለቻቸው።